ጅማ ላይ የመኪና ቡሽ ለማሠራት፦ ቆጪ ያለው ጋራዥ እንዴት ነው?

ፊት ለፊት ልናገር። ጅማ ውስጥ የመኪናችሁ የፊት እግር «ቋ» ማለት ከጀመረ፣ አሞርዛተር (የመኪናውን መንሳፈፍ የሚያበርደውን) ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት ቆጪ ሰፈር ያለውን ጋራዥ አማክሩ። ቢያንስ የተበላው ነገር ምን እንደሆነ በዓይናችሁ አይታችሁ ትወጣላችሁ። እኔ የኮሮላዬን የሎወር አርም (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ) ቡሾች፣ ማለትም መጋጠሚያው ላይ ያሉትን ላስቲኮች፣ ያስቀየርኩት እዚያ ነው። መኪናው ክረምቱን ሙሉ ተነድቶበታል፤ እስካሁን ድምፅ የለም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከጋራዥ በወጣሁበት ቀን ሞቅታ ሳይሆን ተፈትኖ ካየሁት በኋላ ነው።

ጋራዡ ታፔላ የለውም። ሰው «ፕሬስ ያለው ጋራዥ» እያለ ነው የሚጠቁመው፤ እናንተም ቆጪ ደርሳችሁ አንዱን ባለ ባጃጅ እንደዚያ ብላችሁ ጠይቁት። የቆርቆሮ አጥር ነው፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ መሃል ላይ የመመልከቻ ጉድጓድ አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ያ የሚባለው ፕሬስ (ቡሽ በኃይል ገፍቶ የሚያወጣና የሚያስገባ ማሽን) ቆሟል። ከውጭ ሲታይ ምንም አይመስልም። ሚኒባሶች ይበዙበታል፤ የባለታክሲ ገንዘብ በከንቱ አይወጣምና ለእኔ ይሄ ጥሩ ምልክት ነበር።

መኪናዬ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ ማንዋል። ችግሩ የመጣው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ ከሰፈር ኮብልስቶን ወደ አስፋልት ስወጣ አንዳንዴ የምትሰማ ድምፅ ነበረች። ቆይቶ ለሥራ ወደ አጋሮ ስመላለስ ኩርባ ላይ የመኪናው ፊት መዘግየት ጀመረ፤ መሪውን አዞራለሁ፣ መኪናው ትንሽ አስቦበት ነው የሚከተለኝ። ከአዲስ አበባ ስመለስ ደግሞ ጊቤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ይስበኛል፣ ፍሬኑን ስለቅ ራሱ ይመለሳል። ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው። ያንን ቁልቁለት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከኋላችሁ የተጫነ ከባድ መኪና እየወረደ፣ ከፊታችሁ ኩርባ እያለ፣ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር መሪውን ወደ ቀኝ እየጎተታችሁ መሄድ ቀልድ አይደለም።

ከዚያ በፊት ሌላ ጋራዥ ወስጄው ነበር። እዚያ የመኪናውን ፊት በእጃቸው ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን አደረጉና «አሞርዛተር ነው» አሉኝ። ሁለቱም የፊት አሞርዛተሮች ተቀየሩ። ገንዘቡ ወጣ፣ ድምፁ ግን እንዳለ አብሮኝ ቤት ገባ። ተመልሼ ስጠይቅ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል» ተባልኩ። አላይመንትም (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) አሠርቼ ነበር፤ መሪው ለትንሽ ጊዜ ቀና አለና ተመልሶ ጠመመ። ጎማውን ዝቅ ብዬ ሳይ የግራው በውስጥ በኩል ብቻ ተልጓል፣ ውጪው ገና ጥርስ አለው። እስከዚያ ድረስ ማንም ከሥር ገብቶ ያየልኝ አልነበረም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከገንዘቡ በላይ ያበሸቀኝ ይሄ ነው።

የቆጪው ባለ ጋራዥ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። መኪናዋን ገና ሳይነኩ ጥያቄ ጀመሩ። «መቼ ነው የምትጮኸው? ፍሬን ስትይዢ ነው ወይስ ስትለቂ? መሪ ስታዞሪስ? ትናንሽ ጉብታ ላይ ነው ወይስ ትልቅ ጉድጓድ?» አንድ በአንድ መለስኩ። ከዚያ «ንጂኝ» አሉና ጎኔ ተቀመጡ። በሰፈሩ ኮብልስቶን አንድ ዙር፣ ከዚያ አስፋልት ላይ ወጥተን ቀጥ ባለ ቦታ ፍሬን እንድይዝ፣ እንድለቅ፣ እንደገና እንድይዝ አደረጉኝ። ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ሬዲዮውን እንኳ እሳቸው ናቸው ያጠፉት።

ድምፁን ለይተው ያስረዱኝን እዚህ ላስቀምጠው፣ ለሌላውም ስለሚጠቅም። በዝግታ እየሄዳችሁ ትናንሽ ጉብታዎች ላይ ተደጋግሞ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የስታቢላይዘር (ኩርባ ላይ መኪናው እንዳያጋድል የሚይዘው ብረት) ሊንክ ወይም የስታቢላይዘሩ ጎሚኒ ነው። መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር የሚቆረቁር ወይም ተወጥሮ «ድንግ» የሚል ከሆነ የአሞርዛተሩ የላይኛው መቀመጫና ኩሽኔታው ይጠረጠራሉ። ፍሬን ሲያዝ አንዴ «ቋ»፣ ሲለቀቅ ወይም መኪናው ሲነሳ ደግሞ አንዴ «ቋ» የሚል፣ ከዚያ ጋር ፍሬን ላይ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ የሎወር አርም ቡሽ ነው የሚያስጠረጥረው። አሞርዛተር ሲሞት ሌላ ጠባይ ነው ያለው፦ ዘይት ያለቅሳል፣ መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላም መንሳፈፉን አያቆምም። የእኔ መኪና አልተንሳፈፈችም። ታዲያ አሞርዛተር ለምን ተቀየረ? ለዚህ መልስ የሰጠኝ የለም።

ግቢ ስንመለስ ረዳቱን ልጅ ከግራ እግር በኩል አስቆሙትና እኔን መሪ ላይ አስቀመጡኝ። ሰው ፊትና ኋላ እንዳይቆም ከለከሉ። ፍሬን አጥብቄ እንደያዝኩ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለጥቂት እንድለቅ፣ ከዚያ ኋላ ማርሽ አስገብቼ እንደዚያው እንዳደርግ ነገሩኝ። መኪናው አይሄድም፣ ግን ይወጠራል። «አሁን አንቺ ውረጂ፣ እኔ ልግባ፣ ጎማውን እዪው» አሉኝ። ወርጄ ሳይ የግራው ጎማ በፓራፋንጎው ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል! የቀኙ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ጎማ መዞር እንጂ ከቦታው መሄድ የለበትም። ይህን ያህል ግልጽ ነገር ለማየት መሣሪያም ኮምፒውተርም አላስፈለገም።

በዚህ አልቆሙም። መኪናዋን በክሪክ አንስተው፣ በብረት መደገፊያ ላይ አሳርፈው (ክሪክ ላይ ብቻ ተንጠልጥላ ማንም ከሥር አይገባም፣ ይሄ እዚያ ግቢ ሕግ ነው) ጎማውን ላይና ታች ይዘው ነቀነቁ፤ ቦል ጆይንቱን (ክንዱን ከጎማው በኩል የሚይዘውን መጋጠሚያ) እና የጎማውን ኩሽኔታ ለማየት ነው። ግራና ቀኝ ይዘው ነቀነቁ፤ ይሄ ለታይሮድ (መሪው ጎማውን የሚያዞርበት ዘንግ) ነው። ሁለቱም ደህና ነበሩ። ከዚያ ረጅም ብረት በሎወር አርሙና በመኪናው አካል መሃል አስገብተው ገፋ ሲያደርጉት ክንዱ ያለ ምንም ተቃውሞ ሄደ። ባትሪ አብርተው አሳዩኝ። የኋለኛው ትልቁ ቡሽ ላስቲኩ ከመሃል ካለው የብረት ቱቦ በግማሽ ዙር ተላቋል፣ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አለው፣ የክፍተቱ ጠርዝ ደግሞ ብረት ለብረት ሲነካካ ኖሮ ያብለጨልጫል። የቀኙን ሲያሳዩኝ ላዩ ላይ ጭረት የመሰሉ ስንጥቆች ነበሩ፣ ሲገፉት ግን ይመልሳል። «ይሄ አርጅቷል እንጂ አልሞተም» አሉ። ላዩ ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ ያየ ሁሉ ቡሽ መቀየር የለበትም፤ ዋናው ላስቲኩ ከብረቱ መላቀቁና ክንዱ ሲገፋ ልቅ መሆኑ ነው።

ለማያውቅ ሰው ቡሽ ማለት ትንሽ ነገር ነው። ከውጭ የብረት ቀለበት፣ ከመሃል የብረት ቱቦ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ከሁለቱም ጋር ተጣብቆ የተሠራ ላስቲክ። ጎማው ከፍና ዝቅ ሲል ክንዱ የሚታጠፈው በዚያ ላስቲክ ላይ ነው። የሚንሸራተት ነገር የለም፤ ላስቲኩ ራሱ ነው የሚጠመዘዘውና የሚመለሰው። ስለዚህ ግራሶ አያስፈልገውም፣ እንዲያውም ይጎዳዋል። ፍሬን ሲያዝ ጎማው ወደ ኋላ ሊሄድ ሲታገል ብዙውን ጫና የሚሸከመው ያ የኋለኛው ትልቁ ቡሽ ነው። እሱ ሲላቀቅ የጎማው አቅጣጫ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ይለወጣል። በአንድ በኩል ብቻ ሲሆን መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። የእኔ አላይመንት ለምን እንዳልቆየ የገባኝ ያኔ ነው፤ በተነቃነቀ ምሰሶ ላይ በር እንደማስተካከል ነው የሆነው። ጎማዬም የተላገው ለዚሁ ነው።

ምን ገደለው ብዬ ጠየቅኩ። ዕድሜ አንዱ ነው፣ ላስቲክ እየደረቀ ይሄዳል። የሰፈር ኮብልስቶንና ጉድጓድ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ግን ብዙዎቻችን ራሳችን ከፍለን የምናስደርገው ነው። አንዳንድ እጥበት ቤት መኪናውን ከሥር አጥበው ሲጨርሱ ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት ይረጩታል፤ «ዝገት ይከላከላል፣ ያምራል» ይባላል። እውነት ነው፣ ብረቱ ጥቁር ብሎ ያምራል። ላስቲኩ ግን ዘይትና ናፍጣ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከብረቱም ይላቀቃል። ከሞተር ወይም ከካምቢዮ የሚንጠባጠብ ዘይትም እንደዚሁ ነው፣ ቡሹ ላይ የሚወርድ ከሆነ መጀመሪያ የሚያፈሰውን መዝጋት ነው። ጅማ ደግሞ ዝናቡ አያልቅም፣ ጭቃው ከሥር ይጋገራል፤ ጭቃው ሳይታጠብ ቡሽ አየሁ የሚል ሰው ምንም አላየም። እሳቸው ከመመርመራቸው በፊት ቦታውን በውኃ ብቻ አሳጥበውታል።

ከዚያ የዋጋ ነገር መጣ። ሁለት መንገድ አለ፦ ቡሹን ብቻ ማስቀየር ወይም ሙሉ ሎወር አርም መግዛት። ብዙ ጋራዥ ሙሉውን ግዙ የሚለው ፕሬስ ስለሌለው ነው፤ ክንዱን ፈቶ አዲሱን ማሰር ለእነሱ ይቀላል። ጋሼ ግን እንዲህ አሉኝ፦ የአንቺ መኪና ላይ ቦል ጆይንቱ በብሎን የታሰረ ነው፣ ለብቻው ይቀየራል፣ አሁን ደግሞ ደህና ነው። ክንዱም አልተጣመመም። ስለዚህ ቡሽ ብቻ በቂ ነው። ቦል ጆይንቱ ከክንዱ ጋር አንድ ላይ የተሠራ መኪና ቢሆንና እሱም ልቅ ቢሆን ኖሮ ሙሉውን ግዢ እል ነበር። ይሄንን አመዛዝኖ መናገር ነው ጋራዥን ጋራዥ የሚያሰኘው። የብር ቁጥር አልጽፍም፣ የመለዋወጫ ዋጋ ዛሬና ነገ አንድ ስላልሆነ። ቡሾቹና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ግን ለሁለት ሙሉ ክንድ ከተጠየቅኩት ከግማሽ በታች ነው የወጣው።

የግራውም የቀኙም፣ የፊተኛውም የኋለኛውም፣ አራቱም እንዲቀየሩ ተስማማን። የቀኙ ገና ባይሞትም አንዱ ጎን አዲስና ጠንካራ፣ ሌላው ያረጀ ሲሆን መኪናው ሁለት ዓይነት እግር ይኖረዋል፤ ደግሞ ለመፍታት የሚከፈለው ያው ነው።

ዕቃውን የሚገዛው ደንበኛው ነው። ጋራዡ ውስጥ አይሸጡም፣ ኮሚሽንም የለም፣ «እዚህ ሱቅ ብቻ ሂጂ» የሚል ነገርም የለም። የአሮጌው ቡሽ ቁጥር ተጽፎ ተሰጠኝና እዚሁ ጅማ መርካቶ ሄድኩ። ሱቆቹ ውስጥ ሁሉም «ኦርጅናል ነው» ይላችኋል፣ ካርቶኑም ኦርጅናል ይመስላል። ካርቶኑን ተዉትና ቡሹን እዩት፦ ላስቲኩ ከብረቱ ጋር ዙሪያውን ክፍተት ሳይኖረው ተጣብቋል ወይ? በአውራ ጣት ሲጫኑት ጠንከር ብሎ ይመልሳል ወይስ ደርቆ እንጨት ሆኗል? ብረቱ ዝጓል ወይ? ከሁሉ በላይ ግን መጠኑ።

እኔ የገዛሁት የመጀመሪያው ለዓይን ምንም እንከን አልነበረውም። ጋሼ በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ለኩት፣ ከዚያ ክንዱን ይዘው ቡሹን ቀዳዳው ላይ አስቀመጡና በመዳፋቸው ገፉት። ገባ። ወዲያው መልሰው አወጡትና እጄ ላይ አኖሩት። «በእጅ የገባ ቡሽ በራሱ ይወጣል። ለባለ ሱቁ መልሺለት።» የውጪው ቀለበት ከቀዳዳው ለጥቂት ሰፍቶ፣ በፕሬስ ጉልበት ብቻ የሚገባ መሆን አለበት፤ ያ ጭነቱ ነው ቦታው ላይ የሚይዘው። ሌላ ሰው ቢሆን በብየዳ ነካ አድርጎ ወይም ቆርቆሮ ጠቅልሎ ያስገባው ነበር፣ እንዲህ ያለ ሥራ ከሌላ መኪና ላይ ሲፈቱ አሳይተውኛል። ባለ ሱቁም ጨዋ ነው፣ ምንም ሳይል ቀይሮ ሌላ ብራንድ ሰጠኝ፣ እሱ በልክ ሆነ።

ፖሊዩሬታን የሚባለውን ጠንካራ ዓይነት የምትጠይቁ ትኖራላችሁ። ዕድሜው ረጅም ነው ይባላል፣ ዘይትም ቶሎ አይጎዳውም። ግን ጠንካራ ስለሆነ የመንገዱን ንዝረት ወደ ውስጥ ያስገባል፣ የራሱ ግራሶ ይፈልጋል፣ ካጣ ደግሞ ይንቋቋል። ለቤተሰብ መኪና ለጅማ ኮብልስቶን ላስቲኩ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሥራው ላይ ቆሜ አየሁ፤ «ቢሮ ግቢና ጠብቂ» የሚል የለም፣ ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝ። አሮጌ ቡሽ ማውጣት ላይ ብዙ ሰው መዶሻ ይጠቀማል፣ ወይም ላስቲኩን በእሳት ያቃጥላል። እሳቱ ጭሱ መርዝ ነው፣ መዶሻው ደግሞ ክንዱን ያጣምማል፣ አዲሱን ሲያስገቡበትም ቀለበቱን ሞላላ ያደርገዋል። እዚህ በፕሬስ ነው የሚወጣው፣ ከሥር በልኩ የተቀረጸ ቱቦ ተደርጎ። ከመውጣቱ በፊት ግን ጋሼ ክንዱ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አደረጉ። ትልቁ ቡሽ ላስቲኩ ውስጥ ሆን ተብሎ የተተወ ክፍት ቦታ አለው፤ ያ ክፍተት ወደ ተወሰነ አቅጣጫ ካልዞረ መለስለስ ያለበት ቦታ ይጠነክራል፣ መጠንከር ያለበት ይለሰልሳል። አዲሱ ሲገባ ምልክቱ ላይ ተስተካከለ። ቀዳዳው በብሩሽ ከዝገት ተጠረገ፣ ቡሹ ላይ የሳሙና ውኃ ተቀባና ፕሬሱ በቀስታ ገፋው። ግራሶ አይደለም፣ ዘይትም አይደለም፣ ሳሙና። የሚገፉትም የውጪውን ቀለበት ነው፤ ላስቲኩን ወይም የመሃሉን ቱቦ ከገፉ አዲሱ ቡሽ ገና ከጋራዥ ሳይወጣ ይቀደዳል።

አሁን ዋናው ነገር። ይህን ጋራዥ ከሌሎቹ ለይቶ እንድጽፍለት ያደረገኝ ይህቺ አንዷ ነገር ናት።

ክንዱ ተመልሶ ታሰረ። መኪናዋ ገና በመደገፊያው ላይ ናት፣ የፊት እግሮቿ ተንጠልጥለዋል። ረዳቱ ልጅ ረጅሙን ቁልፍ አስገብቶ የቡሹን ብሎን ሊያጠብቀው ጎንበስ ሲል ጋሼ ከፕሬሱ አጠገብ ሆነው «ተው! መሬት ይርገጥ!» ብለው ጮኹ። ልጁ ቁልፉን አወጣ። ብሎኖቹ በእጅ ልክ ብቻ ተያዙ፣ ጎማው ታሰረ፣ መኪናዋ ወርዳ ጉድጓዱ ላይ ቆመች፣ ፊቷን ጫን ጫን አድርገው እንድትደላደል አደረጓት፣ ከዚያ ልጁ ከሥር ገብቶ ብሎኖቹን በቶርክ ቁልፍ (የተፈለገው ጥብቀት ላይ ሲደርስ የሚያሳውቅ ቁልፍ) አጠበቀ። ቁልፉ «ቀጭ» ሲል ይሰማል።

ለምን እንደሆነ እንዲህ አስረዱኝ። ብሎኑ ሲጠብቅ የመሃሉን ቱቦ ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ላስቲኩ «የዕረፍት ቦታዬ ይሄ ነው» ብሎ የሚይዘው ያቺን ሰዓት የነበረበትን ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲረግጥ ክንዱ ወደ ላይ ስለሚታጠፍ ላስቲኩ ቆሞም ቢሆን ተጠምዝዞ ይኖራል። ጉድጓድ ሲያገኝ ደግሞ ከዚያ ላይ ይጠመዘዛል። ውድ ቡሽ ገዝቶ በጥቂት ወር የሚቀደድበት ሰው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ ከዚያ «ዕቃው ቻይና ነበር» ተብሎ ዕቃው ይሰደባል። ዕቃው ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ በበኩሌ ከዚህ በኋላ የትኛውም ጋራዥ ብገባ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ብሎኑን የምታጠብቁት እግሩ ተንጠልጥሎ ነው ወይስ መሬት ረግጦ?» የሚል ነው። ጥያቄውን ሰምቶ የሚስቅ ካለ መኪናዬን ይዤ እወጣለሁ።

አንዱ ብሎን ከቱቦው ጋር ዝጎ ተጣብቆ ነበር። የጅማ ዝናብ ነው። ማስለቀቂያ ተረጭቶበት ብዙ ጊዜ ወሰደ፣ ግን አልቆረጡትም። ዳዶዎቹ (የብሎኖቹ ማሰሪያዎች) አርጅተዋል ተብለው በአዲስ ተቀየሩ፤ ይሄንንም ከመቀየራቸው በፊት አሳይተው ጠይቀውኝ ነው። አሮጌዎቹን ቡሾች በካርቶን አድርገው ሰጡኝ። ሳልጠይቃቸው።

አላይመንት ማሽን የላቸውም። ክንድ ከተፈታ በኋላ አላይመንት ግድ ስለሆነ ከዚያ ወጥታችሁ ሌላ ቦታ መሄድ አለባችሁ፣ ለእሱ ጊዜና ገንዘብ ያዙ። «ዛሬ ትንሽ ንጂው፣ ቡሹ ቦታውን ይያዝ፣ ከዚያ ሂጂ፤ ሠርተሽ ስትጨርሺ ደግሞ ወደኔ ነይና ብሎኑን ልይልሽ» አሉኝ። ሄጄ ተመለስኩ፣ ብሎኖቹን በነጻ ፈተሹልኝ፣ ሁሉም ባለበት ነበር።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ሌላ ሆነች ብል ማጋነን አይሆንም። ኮብልስቶን ላይ የሚሰማው የጎማው ድምፅ ብቻ ነው። ኩርባ ላይ መሪውን ሳዞር ወዲያው ትከተላለች። ጊቤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዤ መሪውን ላላ አድርጌ ያዝኩት፤ ቀጥ ብላ ወረደች። የተላገውን የግራ ጎማ በአዲስ ቀይሬዋለሁ፣ እስካሁን ውስጡም ውጪውም እኩል ነው የሚበላው።

ጉድለቶቹን ደግሞ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። ስልክ ደውላችሁ «ነገ ኑ» ተብላችሁ ስትሄዱ አራት ሚኒባስ ቆሞ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ እነሱ ደግሞ የዕለት እንጀራቸው ስለሆነ ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። እኔ በዚህ አልተከፋሁም፣ ሥራ ያለበት ሰው ግን ይከፋል። ሁለተኛ፣ የግቢው ግማሽ ጣሪያ የለውም። ዝናብ ሲመጣ ሥራ ይቆማል፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ መሄድ ማለት አድራችሁ ትመለሳላችሁ ማለት ነው። የእኔም መኪና ግቢው አድራለች፣ ዘበኛ ስላለ አላሰጋኝም። ሦስተኛ፣ ደረሰኝ የለም። በቴሌብር ስለከፈልኩ መልእክቱ ስልኬ ላይ ቀረ እንጂ ለመሥሪያ ቤት የሚያስገባ ሰው ይቸገራል። ይሄኛው መስተካከል ያለበት ነገር ነው፣ ለጋሼም ነግሬያቸዋለሁ። አራተኛ፣ ረዳቶቹ ገና ተማሪ ናቸው። ጋሼ ባሉበት ሰዓት ሥራው የታመነ ነው፤ እሳቸው ከሌሉ እስኪመጡ ብትጠብቁ ይሻላል። የብሎኑን ነገር አይታችኋል።

ዓርብ ከጁምዓ በፊት ይዘጉና ከሰላት በኋላ ይከፈታሉ፣ እሱንም አስቡ። ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ የደረሰ ሰው ምርመራው ያን ቀን ያልቅለታል። ለምርመራው ብቻ ከሆነ የሚጠይቁት ትንሽ ነው፤ ሥራውን እዚያው ካሠራችሁ እሱም ከሂሳቡ ይቀነሳል። መኪናችሁን ሥሩን አሳጥባችሁ ሂዱ፣ በውኃ ብቻ። ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ፣ መቀመጫው ከፕሬሱ አጠገብ ነው።

የኋላውን አክስል ሁለት ቡሾችም አይተውልኛል። ማርጀት ጀምረዋል፣ ግን አልተላቀቁም፤ «ከኋላ ድምፅ ካልሰማሽ፣ ኩርባ ላይም ጭራዋን ካልወረወረች፣ ለአሁኑ ገንዘብሽን አታውጪ» ነው ያሉኝ። ጊዜው ደርሶ ሳሠራቸው እሱንም እጽፍላችኋለሁ።